የሐሙስ ስምንት ሰዓቱ ሽኝት

እሑድ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረቅ ወንዝ ከተማ ላይ ሥራ ይቆማል። ልብስ የምታጥበዋ እጇን ከአረፋው ታወጣለች፤ ሰው የሚያማው ሐሜቱን ከመሃል አቋርጦ ወደ ቤቱ ይገባል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥን ጉሮሮውን ይጠራርግና፣ «ውድ የጣቢያችን ቤተሰቦች፣ እንደምን አረፈዳችሁ» ይላል። ጉሮሮ የሌለው ነገር ጉሮሮውን ለምን እንደሚጠራርግ መጀመሪያ ሰሞን የጠየቁ ነበሩ፤ ኋላ ሁሉም ለመደው። ከሰላምታው ቀጥሎ የምሥራቅ ተፋሰስ ሕዝብ ድምፅ የተባለው ጣቢያ የሚመጣውን ሳምንት ዝግጅቶች ያነባል።

ጓንጉል ይህን ንባብ የሚሰማው እንደ ሌላው ሰው ለወሬ ያህል አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ቢደርስም ትልቁን ባለ አሥራ ሁለት ቋሚ ድንኳን ከሁለት ጎልማሶች ጋር በአርባ ደቂቃ ያቆማል፤ ገመዱን ወጥሮ በጣቱ መታ መታ ያደርገውና ድምፁ ካልጣመው ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። የሐሙስ ስምንት ሰዓቱ ዝግጅት ላይ ስሙ የሚነበበው ሰው የደረቅ ወንዝ ሰው ከሆነ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ጓንጉል የሚያውቀው ከዚሁ ሳጥን ነው።

በ2097 ዓ.ም. የጥቅምት ሁለተኛ እሑድ የተነበበው እንዲህ ነበር። ሰኞ፣ ስለ ፍየል ክትባት ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ውይይት። ማክሰኞ፣ «ከጓሯችን» በተባለው የማኅበረሰብ ዓምድ፣ በእቃ እጣቢ ውሃ ቃሪያ ያበቀሉ እናት ተሞክሮ። ረቡዕ፣ የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር፤ ሽልማቱ ሃያ ሊትር ውሃ ከነጄሪካኑ። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በተወዳጁ የሽኝት ዝግጅት፣ የአራት የዞናችን ወገኖች የሕይወት ታሪክና የጎረቤቶቻቸው ምስክርነት። ሳጥኑ የሦስቱን ስም ከነሰፈራቸው ዘረዘረ፤ ሦስቱም የሌላ ከተማ ሰዎች ናቸው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ዋሽንት ለቀቀ።

ዋሽንቱ ሃያ ሰከንድ ያህል ተነፋ። ከዚያ ሳጥኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ዓርብ የአድማጮች የዘፈን ምርጫ መኖሩን ተናገረ።

ሚስቱ ስንዱ ምስር እየለቀመች ነበር። «ጥሩ ይነፋል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ይነፋል» አለ ጓንጉል።

እሷ ምስሯን ጨረሰች፤ እሱ ተነስቶ ቀድሞውንም የተዘጋውን መስኮት ዘጋው።

ሽኝት ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ድሮ የሚተላለፈው ሰው ሲሞት ነበር። ነገር ግን የሕይወት ታሪኩ በጥድፊያ ስለሚጻፍ የልጆች ስም ይሳሳታል፤ ምስክሮቹ እያለቀሱ ስለሚናገሩ የሚሉት አይሰማም፤ አቤቱታ በዛ። ጣቢያው አድማጩን ያከብራልና ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግሮ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ጀመረ። ዝግጅቱ አማረ፤ ከሌላ ክልል ሁሉ መጥተው ልምድ ቀሰሙ። አንድ ሳምንት ታዲያ ሦስት ሰው ብቻ ተገኝቶ አሥር ደቂቃ ባዶ ሲቀር አድማጩ ቅር አለው። ከዚያ ወዲህ ከአራት ጎድሎ አያውቅም።

ጣቢያው ባህልም ያከብራል። መርዶ እንደ ዋዛ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ተማክሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ ነው። እስከዚያ ከባለ መርዶው ጆሮ እንዳይገባ ሁሉም አፉን ይይዛል። ስለዚህ የሚሸኘው ሰው ቤት ያለው ሳጥን ስሙ ጋ ሲደርስ ዋሽንት ይነፋል። የቀረው ከተማ ግን ስሙን አጥርቶ ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም ይላል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ዋሽንቱ ራሱ መርዶ መሆኑን ያነሳ የለም። ጓንጉልና ስንዱ ግን ሁለት ናቸው። ሳጥኑ አንድ ነው።

ከሐሙስ በኋላ የሚሆነውን ከተማው ያውቀዋል። የተሸኘ ሰው ስም ከክሊኒኩ መዝገብ፣ ከእህል ድርሻውና ከውሃ ወረፋው ይወጣል። እድሩም አንዴ ያለቀሰለትን ሰው ሁለተኛ አያለቅስለትም። አብዛኛው በሳምንትም በሁለት ሳምንትም ውስጥ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ስለሚቋረጥ ይሁን ነገሩ ስለሚገባው፣ ያጣራ የለም። እንቢ ያሉት መምህር ፈቃደ ብቻ ናቸው። ከተሸኙ በኋላ ሰባት ወር ኖሩ። ጠዋት ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ይወጡና ያስተማሯቸውን ሰዎች በየስማቸው ይጠሩ ነበር። የማይመልስላቸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሐሙስ ዕለት ደረቱን እየደቃ ያለቀሰላቸው ሰው ዓርብ ምን ብሎ እንደምን አደሩ ይበላቸው? ጓንጉል ድንኳናቸውን የተከለው እሱ ነበርና፣ ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት መጣ። ሰፈሩ ልምድ አለው፤ ማን እንደሆነ ላለማስታወቅ ሁሉ ነገር እኩል ይደረጋል። አንዷ ሁለት ብርቱካን ይዛ መጣች፤ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእሷ፣ መጠናቸው የተመዘነ ይመስል። «ጤና እንዴት ነው?» ብለው ጓንጉልን የጠየቁ፣ ዞር ብለው በዚያው ድምፅ ስንዱን ይጠይቃሉ። አንዱ ጎረቤት ጓንጉል በተናገረው ነገር ሲስቅ ሳቁ ትንሽ ስለረዘመበት፣ ስንዱ ምንም ሳትናገር ለእሷም ያንኑ ያህል ሳቀ። ልጃቸው እዚሁ ብትኖር ጠርተው በጠየቋት ነበር፤ ግን የምትኖረው ሌላ ክልል ነው፤ የሌላ ክልል ሳጥን የሚያወራው የራሱን ክልል ሟቾች ነው።

ሰኞ ጠዋት ጓንጉል እንደ ወትሮው ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄደ። ቁልፉ አልገባም። መቆለፊያው አዲስ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ልሳነወርቅ አጠገቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጡረታ የወጡ የመሬት መዝገብ ሠራተኛ ናቸው፤ ሲዋሹ ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

ጓንጉል የዚህ ሳምንቱ ድንኳን የት እንደሚተከል ጠየቃቸው። አቶ ልሳነወርቅ ጢማቸውን ዳበሱ። ኮሚቴው ተሰብስቦ እረፍት እንደሰጠው ነገሩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም አሉ።

«እረፍት ጠይቄ አላውቅም።»

«ለዚህ እኮ ነው የሰጠንህ።»

ጓንጉል አጠገባቸው ተቀመጠ። «ጋሽ ልሳነ፣ ቤቴ ዋሽንት ተነፍቷል። እንደ ልጅ አታታሉኝ። ከሁለታችን ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ከጢማቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ፣ «መምህር ፈቃደ ሊሸኙ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ማክሰኞ ዕለት አብረሃቸው ዳማ ስትጫወት አይቼሃለሁ» አሉት። «ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንዲያውም ሆን ብለህ ተሸነፍክላቸው።»

«ተሸነፍኩላቸው።»

«አየህ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ትከሻውን መታ እያደረጉ። «ደግ ሰው ነህ።»

ከዚያ ጓንጉልና ስንዱ ለየወሩ መድኃኒታቸው ክሊኒክ ሄዱ። እሱ ለልቡ ይወስዳል፤ እሷ ለስኳሯ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ የግራ እግሯ አውራ ጣት ቆስሎ አልድን ብሏል። ነርሷ በወር ፈንታ ለየራሳቸው የአራት ቀን ቆጥራ ሰጠቻቸው። ዕቃ ገና አልገባም አለች፤ ይህንንም አንዴ ለእሱ፣ አንዴ ለእሷ አለችው። አራት ቀን እስከ ሐሙስ ነው። በመንገድ ላይ ስንዱ ስታነክስ ጓንጉል አየ። እሱም ዳገቱ ላይ ቆም ሲል እሷ አየችው። ሁለቱም ያላዩ መሰሉ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ የቃሪያዋ እናት ተሞክሯቸውን እንደጨረሱ፣ ሳጥኑ የተለመደውን ማሳሰቢያ አሰማ። በሽኝት ዝግጅት ላይ የሚቀርብ ወገኑን መተካት የሚፈልግ ቤተሰብ እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ወደ ቅርንጫፉ ቀርቦ የምትክ ፎርም መሙላት ይችላል። ይህም የመጣው በሕዝብ ጥያቄ ነው፤ እናቶች በልጆቻቸው ፈንታ እንሂድ ብለው ስላስቸገሩ። ፎርሙ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «በዝርዝሩ ላይ ያለው የቤተሰባችን አባል በሌላው አባል ይተካ» ትላለች። ስም አይጻፍበትም። ስም ከተጻፈማ መርዶ መንገር ሊሆን ነው።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለችው ስንዱ ከሆነች የጓንጉል ፊርማ ያወጣታል። ያለው እሱ ከሆነ ግን፣ ያቺው ፊርማ ሚስቱን በገዛ እጁ ታስገባታለች። ማወቅ አለበት፤ ለማወቅ የቀረው ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው መኪና የጎረቤታቸው የይርገዱ በር ላይ ቆሞ አየ። የማኅበረሰብ ዘጋቢው ምንተስኖት ጎረቤቶችን አንድ በአንድ እያስገባ መስታወቱን ዘግቶ ምስክርነት ይቀዳል። ጓንጉል አጥር የሚጠግን መስሎ አንድ ሰዓት ሙሉ አንዷን እንጨት ሲነቅልና ሲተክል ቆየ። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። ይርገዱ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች፤ ሲያያት በጠረገችበት እጅ ሰላም አለችውና ቤቷ ገባች። ምንተስኖት ግን የሰው ልብ የሚያውቅ ልጅ ነውና ራሱ ቀረበው።

«ጋሼ፣ እንዲያው በጣም ደስ የሚል ነገር ነው የተነገረው» አለው። «ሁለት ጊዜ እንባዬ መጥቷል።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ቤታችሁ» አለ ምንተስኖት። ከዚያ፣ መጋቢት ላይ ለረጅም ትዳር ዓምድ ባልና ሚስቱን ቀድቷቸው እንደነበር አስታውሶት፣ ያ ድምፅ አሁን ጥሩ አገልግሎት እየሰጠ እንደሆነ ነገረው፤ የማንኛቸው ድምፅ እንደሆነ ግን አልተናገረም። ጓንጉል ያኔ ስለ ስንዱ የተናገረውን ለማስታወስ ሞከረ። ትዝ ያለው ሴትዮዋ ነገር አትረሳም፣ ወጥ ግን ታውቃለች ማለቱ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አሰበ፤ የሚያስበው ነገር ሲያጣ የሚያውቀውን ቆጠረ። የእሱ ልብ አሥር ዓመት ሲያስቸግረው ኖሯል፤ ግን ኖሯል። የስንዱ ጣት ጠቁሯል። ክሊኒኩ ደግሞ የሚያየው የጠቆረውን ነው። ስለዚህ እሷ ናት። እርግጠኛ አይደለም፤ ግን ስድስት ሰዓት እርግጠኛ እስኪሆን አይጠብቀውም። ኮቱን ለበሰ። ስንዱ የት እንደሚሄድ አልጠየቀችውም፤ የኮቱን ጀርባ ብቻ በእጇ አራገፈችለት።

ቅርንጫፉ የጸዳ ቢሮ ነው፤ በሩ ላይ «እናንተ ከሌላችሁ እኛ የለንም» ይላል። ጸሐፊዋ ትሕትና ያላት ሴት ናት፤ ወንበር ሰጥታው ፋይሉን ፈለገች፤ አገኘች፤ ዘጋችው።

«አባቴ፣ የእናንተ ቤት ተሞልቷል።»

«ምኑ?»

«ምትኩ። እናቴ ትናንት ከሰዓት መጥተው ፈርመዋል። ለአንድ ቤት አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አለዚያ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ሲሰርዙ ይውላሉ፤ ዝግጅት ክፍሉም ማንን እንደሚያነብ ይጠፋዋል።»

ጓንጉል ወንበሩን ያዘ። አጥሩን ሲነቅልና ሲተክል በዋለበት ሰዓት ስንዱ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ ብላ ወጥታ ነበር። «ስትፈርም ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

ጸሐፊዋ አሰበች። «ምንም። እስክሪብቶው አልጽፍ ብሏቸው ሌላ ሰጠኋቸው።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳገቱ አልታወቀውም። ስንዱ ሳታውቅ የምትፈርም ሴት አይደለችም። ሽንኩርት እንኳ ሦስት መደብ ዞራ ሳትጨብጥና ሳታሸት አትገዛም። በምን እንደሆነ እንጃ እንጂ አውቃለች። አውቃ ከፈረመች ደግሞ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። እሱ ተጽፎ ነበር፤ ራሷን አስገባች። ወይም እሷ ተጽፋ ነበር፤ እሱን አስገባች።

ሁለተኛውን ከአእምሮው ሊያስወጣው ሞከረ፤ አልወጣም። ከተጋቡ በአምስተኛው ዓመት ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ቆላ ወርዶ ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበር። ሰሊጥ የሚታጨደው በወር ነው። እዚያ ሴት ነበረችው፤ ሰው አይቶ መጥቶ ለስንዱ ነግሯታል። ሲመለስ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው፤ ስለዚያም ነገር እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሠላሳ ዓመት ዝምታዋን ይቅርታ ነው ብሎ ሲቆጥረው ኖሯል። ዛሬ ዳገቱ ላይ ነው ምናልባት የበቀል ቀጠሮ ሊሆን እንደሚችል የታየው። የፈራው መሸኘቱን አልነበረም፤ አብሯት የኖረው ሴት ማን እንደነበረች ነገ በሰው ፊት ማወቁን ነው።

ግቢው ሲደርስ ሦስት ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። ሲያዩት ቆም አሉ። አንደኛው የአካባቢ ልማት ስብሰባ ስላለ ነው አለው። ጓንጉል በጎ አላቸውና ሊያልፍ ሲል ዓይኑ የመሃሉ ቋሚ ላይ አረፈ። ቋሚው ዘምሟል። በምሥራቅ በኩል ያለው ገመድ ላልቷል፤ ዝናብ ቢመጣ ውሃው ሁሉ ጨርቁ ላይ ነው የሚቆመው። እያየ ሊያልፍ አልቻለም። ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና ቋሚውን ነቅለው እንደገና እንዲያቆሙት አዘዘ፤ ገመዱን ራሱ ወጠረ፤ መታ መታ አድርጎ ሰማ። ሰዎቹ ዓይን ዓይኑን ላለማየት ካስማውን ያዩ ነበር። ሲጨርስ፣ «ለስብሰባ እንዲህ ነው የሚተከለው» አላቸው።

ስንዱ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ። ምሳውን አቀረበችለት።

«ፈርመሻል አሉ።»

«ፈርሜያለሁ።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ማን ነበር?»

ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። «ነገ ትሰማዋለህ፣ ጓንጉል። ዛሬ ብላ።»

ከዚህ አልፎ ቢጠይቅ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ገደልሽኝ ወይ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ዓይኗን ሳትሰብር ታየዋለች። በላ። ወጡ እንደ ወትሮው ነበር፤ ይህም ምንም አልነገረውም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው መግባት ጀመረ። ድንኳኑ ሞላ፤ የተረፈው አጥር ሥር ቆመ። ምንተስኖት የድምፅ ማጉያውን ከመሃሉ ቋሚ ጋር አሰረ። ባልና ሚስቱ ቤታቸው ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስንዱ ሸሚዙን አጥባ አልብሳዋለች፤ እሷ የዘወትር ቀሚሷን ነው የለበሰችው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሳጥኑ ሦስቱን የሌላ ከተማ ሰዎች አንድ በአንድ ሸኘ። አንደኛው ጥሩ አናጢ ነበር። ከዚያ ዋሽንት ሆነ።

በዚህኛው ቤት ዋሽንት ነው። ከግድግዳው ማዶ ግን የማጉያው ድምፅ ያጉተመትማል፤ ቃሉ አይለይም። ሰው ያለቅሳል። አንድ ቦታ ላይ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ተመልሶ ልቅሶ ሆነ። ጓንጉል ያሳቃቸው የእሱ ታሪክ ይሁን የእሷ ለማወቅ ጆሮውን አሾለ። አልቻለም።

«ስንዱ፣ ያ የሰሊጡ ነገር…» ብሎ ጀመረ።

«ዛሬ እሱን አታንሳ። ሰው ደጅ ሞልቷል።»

ዋሽንቱ አሥር ደቂቃ ሞልቶ ቆመ። ሳጥኑ ለዝግጅቱ መሳካት የተባበሩትን አመስግኖ፣ የፍየል ክትባቱን ውይይት ያመለጣችሁ ቅዳሜ በድጋሚ ይቀርባል አለ። ስንዱ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና በሩን ከፈተችው። አብረው ወጡ።

ሰው ሁሉ ተነሳ። አቶ ልሳነወርቅ ከፊት ሆነው ቀረቡ፤ ጢማቸውን አልነኩም። እጃቸውን ዘርግተው ጓንጉልን አቀፉት።

«እግዜር ያጽናህ» አሉት።

ከእሳቸው ኋላ ሌላው መጣ፤ ከዚያም ሌላው። እግዜር ያጽናህ፤ ነፍሷን በገነት ያኑራት። እያንዳንዱ ሲያቅፈው በትከሻው ላይ አሻግሮ የሚያየው ስንዱ ወዳለችበት ቦታ ነው፤ ዓይኑ ግን በአጥር እንጨት ላይ እንደሚያልፍ አልፏት ይሄዳል። ጓንጉል መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። አልገደለችኝም አለ በልቡ። ሁለተኛው ስሜት ወዲያው ተከተለ፤ እሷ ተሸኝታ እሱ እፎይ ማለቱ አሳፈረውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰዎቹ ይህን ሐዘን ነው ብለው ደግፈው አስቀመጡት።

ስንዱ አጠገቡ ቆማለች። ማንም ስለማይሰማት ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አላስፈለጋትም።

«በምን አወቅሽ?» አላት።

«እሑድ ይርገዱ ጥቁር ቀሚሴን መለሰችልኝ። ለአባቷ ልቅሶ ብላ ተውሳኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቃት፣ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ ስትለኝ የነበረውን። አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቁልፍ የወለቀበት ቦታ ሁሉ ተክታ። ምስኪን፣ የባሌ ልቅሶ ላይ የምለብሰው አጥቼ እንዳላፍር ብላ እኮ ነው።» ድንኳኑ ውስጥ ይርገዱን ፈልጋ አየቻት። ይርገዱ ግራ በመጋባት ማልቀሷን አላቆመችም፤ ለማን እያለቀሰች እንደሆነ በሳምንቱ መሃል እንደተለወጠባት ያስታውቃል።

«ለምን ፈረምሽ?»

«ጣቴን አይተኸዋል። እኔ ለጥር የምደርስ አይደለሁም። አንተ ሐሙስ፣ እኔ ጥር፤ ሁለት ልቅሶ ምን ይሉታል?» ነጠላዋን እንደገና ሳበች። «የሰሊጡን ይቅር ያልኩህ ደግሞ እንዳይመስልህ።»

ይህን ብላ ሄደች። ሴቶቹ የቀቀሉትን ንፍሮ በሁለት ትሪ አድርገው ጥግ ላይ አስቀምጠዋል። በዕድሜዋ ሙሉ ሰው ቤቷ መጥቶ ተቀምጣ አታውቅም። ትሪውን አነሳች። ያነሳችበት ቦታ የነበሩት ሴቶች ማንም እንዳልነካው ሁሉ ገለል አሉ። ከፊተኛው አግዳሚ ጀመረች፤ እያነከሰች በእያንዳንዱ ሰው ፊት ትቆማለች፤ «ውሰዱ እንጂ» ትላለች። እጁን የሚዘረጋ የለም። አንዳንዱ ጣራውን ያያል፤ አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ይርገዱ እጇ ተነስቶ ነበር፤ ባሏ ያዛትና አወረደችው። ስንዱ ማንንም ሳትዘል፣ ሳትቸኩል፣ ሁሉም ጋ እኩል ቆመች።

ጓንጉል ጋ ስትደርስ አቶ ልሳነወርቅ ከጎኑ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አድርገዋል። ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «ተው» አሉት። «ኮሚቴው ካንተ ጋር ነው። ሁሉ ነገር ይደረግልሃል። ተው።»

ጓንጉል ሁለት እጁን ገጥሞ ዘረጋ። ስንዱ በጭልፋው ሞልታ ሰጠችው።

ጓንጉል ጥቂት ቆርጠም አደረገ። «ጨው ጎድሎታል» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እኔ አይደለሁም የቀቀልኩት» አለች ስንዱ።

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ከጉልበቱ ላይ አነሱ። ቀስ ብለው ቆሙ፤ ኮታቸውን አራገፉ፤ ማጉያውን ወደሚፈታው ወደ ምንተስኖት ሄዱና ለሚመጣው ሐሙስ ስንት ሰው እንደያዙ ጠየቁት። ምንተስኖት ማስታወሻውን ገልጦ አየ። ሦስት አለ።

ከጓንጉል አጠገብ የነበረው ሰው ተነሳ። ቀጥሎ ያለውም ተነሳ። ከኋላ ያሉት እያንሾካሾኩ ወደ በሩ ፈቀቅ ማለት ጀመሩ። ስንዱ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ የቆሰለ እግሯን ቀጥ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች። ስድስት ሰው በሚይዘው አግዳሚ ላይ ሁለት ሆነው ንፍሯቸውን በሉ።